የጋሼ ኒኖ ቲራሬ

እዚህ በፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት የጣልያን ኬክ ቤት አለች። በሯ ላይ ከእጀታው ከፍ ብላ የጣት ርዝመት ያላት የነሐስ ሰሌዳ ተመትታለች፤ «ቲራሬ» ይላል ጽሑፉ። መሳብ ማለት ነው። ስድስት ወር ያህል በየቅዳሜው በዚያ በር ስገባ ስወጣ ሰሌዳዋን አላየኋትም ነበር። በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ግን አየኋትና እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላዬ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት ፈረንጅ «እመቤቴ፣ በሩ የሚገፋ አይደለም፣ የሚሳብ ነው» አለችኝ በትሕትና። አመስግኛት ሳብኩትና ገባሁ። መሳቡ ጠፍቶኝ አልነበረም። ያንን ቃል ካወቅሁት ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ መጀመሪያ የሰማሁትም ከመኪና ሥር ነው።

ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነው። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኝ የአንድ ሽማግሌ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነበር። ቢሮዬ ከእንጨት ደረጃ በላይ ያለች፣ ዙሪያዋን በመስታወት የተከበበች፣ ሳጥን የምታህል ክፍል ስለነበረች ታች የሚሠራው ሁሉ ይታየኛል። ማኪያቶ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ጫማ በአሥር ሳንቲም ተጠርጎ ፊት እስኪያሳይ ያበራል። እኔ ከጉልበቴ ከፍ የሚል ቀሚስ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ታኮ ጫማዬ እየጮኸ ደረጃውን እወጣለሁ። ሜካኒኮቹ ከሥራ ሲወጡ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ መሬት የሚጠርግ ቤል ቦተም ሱሪያቸውን ለብሰው ሲያዩአቸው የባንክ ሠራተኛ ይመስላሉ፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ግሪስ ግን በነጭ ጋዝም በአሸዋም አይለቅም ነበር። የሜካኒኮቹ አለቃ ጋሼ ኒኖ ነበሩ። አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው የጎጃም ሴት ናቸው። «በእናቴ ኦርቶዶክስ፣ በአባቴ ካቶሊክ ነኝ» ይሉ ነበር፤ «በጾም ቀን ካቶሊክ።»

ሞተር ከመኪና በሚወጣበት ቀን ሁላችንም ሥራ እንፈታለን። ከጣሪያው ብረት ላይ የተሰቀለ ሰንሰለት አለ፤ ጋሼ ኒኖ ከሥር ይተኛሉ፣ አንድ ጉልበተኛ ሰንሰለቱን ይይዛል። እሳቸው ከታች «ቲራ!» ሲሉ ሰውየው ይስባል፤ «ቲራ አንኮራ!» ሲሉ ይጨምራል። ከሥር የተኛው ሰው ካልተናገረ በስተቀር ከላይ ያለው አንዲት ስንዝር አይስብም፤ ሞተሩ ቢያዘነብል የሚጨፈልቀው ከሥር ያለውን ነውና። ሰንሰለቱን የሚይዘው ሁልጊዜ ግርማ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ ወጣት ነው። በኋላ ባሌ ሆነ።

ጋሼ ኒኖ ግን ያንን ግሥ ለሞተር ብቻ አልነበረም የሚጠቀሙበት። ንፋስ ሲነሳ «ቲራ ቬንቶ» ይላሉ፤ ነፋሱም እንደ ሰው ይስባል። አንድ ሠራተኛ አጥፍቶ ሲንተባተብ «ቲራ ፉዎሪ!» ይሉታል፤ ከውስጥህ ጎትተህ አውጣው፣ ተናገር ማለታቸው ነው። ልጅ ማሳደግ ወደ ላይ መሳብ ነው። የደመወዝ ሳምንት ሲርቅ ቀበቶ ይሳባል። ሰው ሲሞት ደግሞ፣ ያው በመንገድ ቋንቋቸው፣ ቆዳውን ሳበ ይባላል፤ አንድ ክፉ ደንበኛ በሞተ ጊዜ እንዲህ ብለው ራሳቸው ሳቁና ወዲያው አማተቡ። ሠራተኞቹ ቃሉን ተቀብለው በአማርኛ አለበሱት። አንዲት ልጅ ልባቸውን ስትወስደው «ቲራ አደረገችኝ» ይሉ ነበር። ለእኔም ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ ደረጃውን ስወጣ ከታች «ሴላቲራ! ሴላቲራ መጣች!» ይባባላሉ። የአበባ ስም መስሎኝ ሁለት ወር ደስ እያለኝ ከረምኩ። በመጨረሻ የነገረኝ ግርማ ነው። ለፊርማ ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ኩራተኛ ማለት ነው፤ ራሷን ወደ ላይ የምትስብ» አለኝ። «አንተም እንደዚያ ትለኛለህ?» አልኩት። «እኔ ስምሽን ነው የምለው» አለና ወረደ። ወረቀቱ ሳይፈረም እጁ ላይ ነበር።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ጎማም ዘይትም ጠፋ፤ ሽማግሌው ጣልያን ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። እንዴት ነዎት ሲባሉ ጋሼ ኒኖ «ሲ ቲራ አቫንቲ» ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። ወደ ፊት ይሳባል እንደ ማለት ነው፤ አይሞላም፣ አይቆምም፣ ብቻ ይጎተታል። ግርማ ይህችን ከእሳቸው ተማረና ዕድሜ ልኩን ሲላት ኖረ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሊፍት ላይ የማገኛቸው ጎረቤቶቼ እንዴት ነሽ ሲሉኝ «ደህና» እላለሁ። ያቺን የግርማን ቃል ለማለት አፌ አይከፈትም።

ወደዚህ አገር ጋሼ ኒኖ ቀድመውን መጡ፤ እኛ በስንት ዙር ተከተልን። እሳቸው አሌክሳንድሪያ፣ አሁን ያሉበት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው ከትንሽ ልጃቸው ከሊዲያ ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ካርቱም ላይ ነው የሞቱባቸው። ያን ዘመን አበሻ ለአበሻ ብርቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲተያይ መኪናውን አቁሞ ስልክ ይለዋወጣል። ጋዝ በጋሎን አንድ ዶላር ከምናምን ነው። ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተሰጠንን፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሰው ካፖርት ለብሰን እንዞራለን፤ የግርማ ካፖርት የሴት እንደነበረ ያወቅነው በሁለተኛው ክረምት ነው። ግርማ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጋሼ ኒኖ ጋር ሆኖ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ፓርኪንግ የታክሲ ነጂዎቹን መኪና ይሠራል። ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መሥራት ክልክል ነበር። የሕንፃው ማናጀር ግን የሚስቱ መኪና በየወሩ ይሞት ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ያለውን መጋረጃ ይዘጋል።

እኔ ሊዲያን ይዤ አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ እቀመጥና እመለከታቸዋለሁ። አሮጌ ሰፋፊ ሸቭሮሌዎች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ ከአንደኛው ውስጥ የካሴት ዘፈን ይሰማል፤ ቴፑ ፍጥነቱ ስለተዛባ ዘፋኙ የሚያዛጋ ይመስላል። አሁን ከሥር የሚተኛው ግርማ ነው፤ ጋሼ ኒኖ ወገባቸው ስለታመመ ከላይ ይቆማሉ። «ቲራ» የሚለውም ግርማ ሆነ። ዓመታት አለፉ፤ መኪኖቹ ኮምፒዩተር ሆኑና የሁለቱ እጅ አልደረሰባቸውም፤ ፓርኪንጉ በካሜራ ይጠበቅ ጀመር፤ ቅዳሜ ግን ቀረች። መኪና ባይኖርም ግርማ በየቅዳሜው አራት ሰዓት ላይ በራቸውን ያንኳኳል። ካርታ ይጫወታሉ፣ ኳስ ያያሉ፣ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ በበረዶ ተዘግቶ እሱ ሳይመጣ እኩለ ቀን ሆነ። ጋሼ ኒኖ ስልክ ደውለውልኝ «ባልሽ ቢዶኔ ቲራብኝ!» አሉ። በርሜል ወረወረብኝ ማለት ነው፤ ያው ግሥ መወርወርም ይሆናል። ጣልያኖች ቀጥሮ የሚቀር፣ አስጠብቆ የሚከዳ ሰውን እንዲህ ነው የሚሉት፤ እሳቸው አፍ ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ግርማ በስምንት ሰዓት ገባ፤ ባቡር ተቋርጦ ከድልድዩ ወዲህ በእግሩ ነበር የመጣው። ጋሼ ኒኖ ካልሲውን ከእግሩ አውልቀው ማሞቂያው ላይ አሰጡለት።

ግርማ በጥቅምት፣ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። ቁርሱን በልቶ ሳህኑን ሊያጥብ ቆሞ ነበር። ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ ቆይቶ ውኃው ብቻ መሆኑ ገባኝ። በዚያው ሳምንት ጋሼ ኒኖ ደረታቸው ተከፍቶ የልብ ኦፕሬሽን አድርገው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሊዲያ አስከሬኑ ያለበት ቤት ድረስ መጥታ ሁለት እጄን ያዘችኝ። አምሳ ሊሞላት ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች።

«እትዬ ጽጌ፣ በእናትሽ፣ አባዬ እንዳይሰማ» አለችኝ። «ዶክተሩ ምንም ስትሬስ አይኑርበት ብሏል። ግርማ አገር ቤት ሄዷል እንበለው። ሪከቨር ሲያደርግ በወጉ፣ ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ መርዶ እናረዳዋለን። ፕሮሚስ አድርጊልኝ።»

እሺ አልኳት። በዚያ ሳምንት ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር፤ ለሳጥኑ ቀለም፣ ለአበባው፣ ለምሳው። እኛ ዘንድ ሞት ለሕመምተኛ እንደማይነገር ማን ያስተምረኛል? እኔም የእናቴን መርዶ የሰማሁት በሞተች በአራተኛው ወር ነው፤ ሰዎች በማለዳ በሬ ላይ ቆመው ሳይ ነገሩ ገባኝ። ስለዚህ ልክ መስሎኝ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ጋሼ ኒኖ ቤታቸው ሲገቡ ግን ቅዳሜ መጣ። ማንም ባያንኳኳ ይጠረጥራሉ፤ በግርማ ፋንታ እኔ መሄድ ያዝኩ።

አካሄዴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር፣ ከዚያ ቢጫውን፤ ቢጫው ከመሬት በታች ይወጣና ወንዙን በድልድይ ይሻገራል። ውኃውን አያለሁ፤ ውኃ ነው። አሌክሳንድሪያ እወርድና ኬክ ቤቷ እገባለሁ። መጸዳጃ ክፍሏ ውስጥ ጥቁር ቀሚሴን አውልቄ በፌስታል አደርግና ግርማ የገዛልኝን ሰማያዊ ሹራብ ከግራጫ ጉርድ ጋር እለብሳለሁ። ጥቁር ሻሼን ፈትቼ ጸጉሬን አበጥራለሁ። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ቲራሚሱ እገዛለሁ። የኬኩን ስም ትርጉም የነገሩኝ ጋሼ ኒኖ ናቸው፤ «ወደ ላይ ሳቢኝ» ማለት ነው። ስመለስ በዚያው ክፍል ጥቁሬን መልሼ እለብሳለሁ። ገንዘብ የምትቀበለዋ ልጅ ምን ታስብ እንደነበር አላውቅም፤ አንድም ጊዜ በገባሁበት ልብስ አልወጣም። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስትለብስ ስታወልቅ አይቻት ምንም አይሰማኝም ነበር። ግርማ ከሞተ ወዲህ አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስ አብሬ እጮሃለሁ፤ ጉንጬ ግን ደረቅ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ቀላል ነበር።

«ግርማስ?» ይሉኛል ጋሼ ኒኖ በር ላይ፣ ከትከሻዬ በላይ ወደ ኮሪደሩ እያዩ።

«አዲስ አበባ ነው ጋሼ። የእናቱን ቤት ካርታ ሊያስተካክል።»

«ካርታ? ካርታ እንኳ እኔው ነኝ ያስተማርኩት፤ ዛሬም አይችልም።» ይስቃሉ፤ ቁስላቸው ላይ ትራስ ይዘው። «ለምን አይደውልም?»

«ኔትወርኩ ያስቸግራል አሉ።»

«ኔትወርክ! ከጨረቃ ይደወላል አሁን።»

ገና አለፈ። ሊዲያን ስጠይቃት «ፕሬሸሩ ትንሽ ይውረድ» አለችኝ። ጥምቀት አለፈ፤ «ወንድሜ ከአትላንታ ይምጣ» አለች። ፋሲካ አለፈ። «እትዬ፣ ኮል አደርግልሻለሁ» ትለኛለች፤ አትደውልም። እሷም ፈርታ ነው፤ ከወላጅ የቀራት አባት ብቻ ነው። ጋሼ ኒኖ ግን በየቅዳሜው ተለወጡ። መሳቅ ተዉ። ከዚያ መጠየቅ ተዉ። አንድ ቀን ግድግዳቸው ላይ የነበረው የፓርኪንጉ ፎቶግራፍ፣ ሁለቱ አንድ መፍቻ ይዘው የሚስቁበት፣ ቦታው ባዶ ሆኖ አየሁት። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። «የት ሄደ?» አልኳቸው። «እሱ የት ሄደ?» አሉኝ መልሰው። «ደረቴ እንደ ዶሮ ተቀድዶ ስተኛ፣ አምሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው አንዴ አልደወለም። ቢዶኔ ቲራብኝ። ስሙን እዚህ ቤት አትጥሪብኝ።»

ባቡር ውስጥ ስመለስ ይህን አሰብኩ። ለእሳቸው ልብ ስንል የግርማን ስም እያረከስን ነበር። ሰውየው ከሞተ ሌላ ምንም የለውም፤ ያለው አንድ ነገር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አለመቅረቱ፣ እሱንም በእኔ አፍ እየወሰድኩበት ነው። እሳቸው ደግሞ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እንደ ተቀየሙት ቢሞቱስ? ብነግራቸውና ልባቸው ቢቆምስ? ከሁለት አንዱን እንደማጠፋ አወቅሁ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

እንግዲህ በዚያች በግንቦት ቅዳሜ፣ የነሐስ ሰሌዳዋን ባየሁበት ቀን፣ ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ፣ ኬኬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ጋሼ ኒኖ ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ከፈቱልኝ። ሊዲያ ሥራ ላይ ነች። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ኬኩን አልነኩትም።

«ጽጌ፣ ዛሬ የአባት ወግ ነው የማወራሽ» አሉ። «እውነቱን ነው የምትነግሪኝ። ቲራ ፉዎሪ። አግብቷል አይደል?»

«ማን?»

«አታላግጪብኝ። ባልሽ ነዋ! አንዷን የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ይዞ ቦሌ ተቀምጧል። እኔ የማላውቅ መሰለሽ? እዚህ ግሪንቤልት ያለ አንድ ሽማግሌ እንደዚሁ ካርታ ሊያስተካክል ብሎ ሄዶ ልጅ ወልዷል። በሰባ ዓመቱ!»

ኬኩን ወደ እሳቸው ገፋሁ። ዝምታዬን ምስክር አደረጉት።

«በየሳምንቱ መጥተሽ ትዋሺለታለሽ። ፊትሽን አያለሁ እኮ፤ ከስተሻል፤ ዓይንሽ ሞቷል። አሳፈረሽ፤ ማፈር ያለበት እሱ ነው። ሮክቪል አንድ የታወቀ ጠበቃ አለ፤ ደውዬ አናግሬልሻለሁ። ቤቱም ጡረታውም ላንቺ ነው የሚሆነው። ተይው ልጄ። እርሺው። አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችን ሴት ጥሎ የሄደ ወንድ የሚታዘንለት አይደለም። ውሻ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ ውሻ ነው እልሻለሁ።»

ልስቅ ደርሼ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ባሏ የሞተባት እያለ አጽናንቶኛል፤ እኒህ ሰውዬ ብቻ ባሏ የከዳት ብለው ያጽናኑኛል፤ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የእሳቸው ማጽናናት ከልብ ነበር። ክራቫት አስረውልኛል። ጠበቃ ፈልገውልኛል። ግን ግርማን ውሻ አሉት። ሁለት ጊዜ።

«ግርማ ሞቷል ጋሼ» አልኳቸው። ድምፄ የአየር ሁኔታ የሚናገር ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «በጥቅምት ነው የሞተው። ሐሙስ ጠዋት። እርስዎ ሆስፒታል እያሉ።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ሹራቤ ወረደ።

«ታዲያ ይሄ የለበስሽው ምንድነው?» አሉ።

ፌስታሉን ከፍቼ ጥቁር ቀሚሴን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ሜካኒክ ዘይትን እንደሚያሽ። ከዚያ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ብድግ አልኩ። መድኃኒታቸው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። «ተቀመጪ» አሉኝ። «አልሞትም። ተቀመጪና ንገሪኝ። ቁርስ በልቶ ነበር?»

«በልቷል።»

«ምን?»

«ፉል። ዳቦውን አልጨረሰም።»

«ተሠቃየ?»

«አላውቅም። ስደርስ አልነበረም።»

«ምን አለበሳችሁት?»

«ቡናማውን ሙሉ ልብስ።»

«ትከሻው ላይ ይጠበው ነበር እሱ። ማን ማን ተሸከመው? በስም ንገሪኝ።» ነገርኳቸው። «ከፊት በስተቀኝ ማን ነበር?» እሱንም ነገርኳቸው። «ጥፍሩስ?» አሉ። «ጥፍሩን አይተሽዋል? ንጹሕ ነበር?»

«ንጹሕ ነበር» አልኳቸው። «ከዘመናት በኋላ ንጹሕ ነበር።»

እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ይላል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። አንድ በአንድ መለስኩላቸው፤ ከአንደበቴ ሲወጣ ሌላ ሰው የሚያነብልኝ ይመስለኝ ነበር። ሲጨርሱ ጋሼ ኒኖ ተነሡ፤ ክራቫታቸውን ፈትተው መሬት ጣሉትና ጮኹ። «ግርማዬ! ሬሳ ስሰድብ ከረምኩ! አፌን ይቁረጠው! ግርማዬ!» ከጎን ያለው ጎረቤት ግድግዳውን በቡጢ መታ። እሳቸው ደረታቸውን መቱ፤ እዚያችው የተሰፋችው ቦታ ላይ። እጃቸውን ያዝኩ። ክንዳቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፤ ቢሆንም ጎትተው አስለቀቁኝና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

ተከትያቸው ስገባ ፍራሻቸውን ከአልጋው ላይ ሲታገሉት አገኘኋቸው። «ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ለቅሶ ልቀመጥ ነው» አሉ። «ሰባት ወር ዘግይቻለሁ። ያዢው በዚያ በኩል።» ያዝኩላቸው። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ፍራሹ በሩ ላይ ተሰነቀረ። አንድ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌና አንዲት ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ እያረፍን ሳሎኑ ድረስ አደረስነው። መሬት ላይ ሲወድቅ አቧራ አስነሣ። ጋሼ ኒኖ ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ገልብጠው ለበሱና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጥቁሬን ለበስኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሊዲያ በዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ገባች። ቁልፏን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ፍራሹን አየች፤ እኔን አየች።

«ነገርሽው?» አለችኝ። ቀጥሎ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ጸያፍ ነው፣ አልጽፈውም። «ፕሮሚስ አድርገሽልኝ የለም ወይ እትዬ! ቢሞትብኝስ? አንቺ ነሽ ወይ የምትመልሽልኝ?»

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። ማጥፋቴን አውቅ ነበር፤ አሁንም አውቃለሁ።

«እሷን ተያት» አሉ አባቷ። «ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ወዳጄን ውሻ አስባልሽኝ። አሁን ያንን ስልክሽን አውጪና ለሰው ሁሉ ንገሪ፤ ኒኖ ለቅሶ ተቀምጧል በይ።»

«አባዬ፣ በመጀመሪያ ፕሬሸርህን…»

«ለኪው፤ እየለካሽ ደውይ።»

እያለቀሰች ለካችው። ቁጥሩን አየችና እንደገና ለካችው። «ከትናንትናው አይብስም» አለች ለራሷ፣ እንደ ተበሳጨ ሰው። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ድምፅዋ ይሰማኛል፤ አዎ፣ ዛሬ፣ አዎ፣ አሁን ነው የሰማው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰው መምጣት ጀመረ። ከበልትስቪል፣ ከግሪንቤልት፣ ከእኛው ሲልቨር ስፕሪንግ፤ አብዛኞቹ ያኔ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ያሠሩ የነበሩ፣ ዛሬ ከዘራ የያዙ ታክሲ ነጂዎች ናቸው። በጥቅምት እኔ ቤት አልቅሰው ሄደዋል። አሁን በሩ ላይ ሆነው ሁለታችንንም ያያሉ፤ ለማን እንደሚሉ ግራ ይገባቸዋል። አንዱ ወደ እኔ ሲመጣ «ወደ እሳቸው ነው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጋሼ ኒኖን «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። «ጥሎኝ ሄደ» አሉት፤ «እዚህ አገር ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ሳልቀድመው» እያሉ አለቀሱ። ለገባው ሁሉ እንደ አዲስ ይነግሩታል፤ የፉሉን፣ የቡናማውን ልብስ፣ ከፊት በስተቀኝ የተሸከመውን ሰው። የተሸካሚዎቹን ስም ሳይቀላቅሉ፣ እዚያ እንደነበሩ ሆነው። እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ማልቀስም አላስፈለገኝም። ከመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ እግሬ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ይሰማኛል፤ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር የሚሞቅ ነገር ከተሰማኝ። ወደ ግድግዳው በኩል ትንሽ ጋደም አልኩ። ሰው ፊት ነው፣ ነውር ነው፣ ልነሣ ነው እያልኩ ዓይኔ ተከደነ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫማ ይወልቃል፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያለቀሰ ገባ። ከላዬ አንድ ሰው ኮት አለበሰኝ።

«ቀስ በሉ» ሲሉ ሰማኋቸው ጋሼ ኒኖን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አትቀስቅሷት። ባሏ ሞቶባት ነው።»